ተቀናሽ የሌለው ሚዛን

ማህደር ሚዛን ላይ ስትወጣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቴፒ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ናት፤ ስልሳ ተማሪ በአንድ እይታ ጸጥ የምታሰኝ ሴት ቁጥር ፈርታ ትንቀጠቀጣለች ቢባል ማን ያምናል? ፍርሃቷ ግን ምክንያት ነበረው። እናቷ እግሯን ያጣችው፣ ኋላም የሞተችው በስኳር ነው። አሁን የእሷም ስኳር ከፍ ማለት ጀምሯል።

«ክብደትሽን ቀንሺ» አላት ሐኪሙ። «በየሳምንቱ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ቁርስ ሳትበዪ ተመዘኚ።»

ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ የተማሪዎቿ ወላጆች አይጠፉም። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ የቡና መጋዘን ሄዳ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣች። መዛኙ ባስልኤል ዝምተኛ ወጣት ነው። «ሰማንያ ስምንት» ሲላት ፊቷ አመድ መሰለ። እሱም ዓይኑን ከፊቷ መንቀል አቃተው።

በሳምንቱ «ሰማንያ ሰባት» አላት። ከዚያ ሰማንያ ስድስት፣ ከዚያ ሰማንያ አምስት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልቧ ድው ድው ማለቱ አልቀረም፤ ከቁጥሩ ይሁን ከሰውየው የተነሳ ግን መለየት ተሳናት።

በወሩ ሐኪሙ ራሱ መዘናት። ሰማንያ ስምንት። ስኳሯም ጨምሯል።

በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደች።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል?»

ባስልኤል አቀረቀረ። «ሚዛኑ ደህና ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለቡናው ‹የጆንያ ተቀናሽ› ብለን አንድ ኪሎ እንቀንስ የለ? ላንቺም ቀነስኩልሽ። በየሳምንቱም ተቀናሹን ጨመርኩት። ደንግጠሽ እንዳትቀሪ ፈራሁ፣ ቲቸር።»

«እናቴንም የሚወዷት ሁሉ ‹ደህና ነሽ› ይሏት ነበር» አለች። «እውነቱን የሰማችው እግሯ ሊቆረጥ ሲል ነው። እኔ መሞት እፈራለሁ፣ ባስልኤል። ፍርሃቴን ቀነስክልኝ እንጂ በሽታዬን አልቀነስክልኝም።»

መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

ሁለት ቅዳሜ ቀረች። በሦስተኛው ግን አለመመዘኑ ከመመዘኑ በልጦ አስፈራት። ስትደርስ ባስልኤል ሚዛኑን አዙሮ ቁጥሩን ወደ በሩ አድርጎታል።

«ከእንግዲህ የምታነቢው አንቺ ነሽ» አላት።

እየተንቀጠቀጠች ወጣች፤ ዓይኗንም ገለጠች። «ሰማንያ ስምንት ተኩል።»

ባስልኤል አላጽናናትም። «ጠዋት ጠዋት በእግር እንሂድ፤ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት።

በማግስቱ ዝናብ እያካፋ በሯ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ጭቃውን እያቋረጡ በየማለዳው ተጓዙ፤ ጣፋጩንም፣ ሁለተኛውን እንጀራም ተወች። አንዳንድ ሳምንት ቁጥሩ ወደ ላይ ይመለስና ያስለቅሳታል። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ብቻዋን መፍራት ግን ቀረ።

ከአምስት ወር በኋላ «ሰማንያ አንድ» ብላ አነበበች። ባስልኤል ከሚዛኑ ጎን ቆሟል። የዛሬው ተንቀጥቃጭ እሱ ነበር።

«እወድሻለሁ» አላት።

ማህደር ትክ ብላ አየችው። «የጆንያ ተቀናሽ አለው?»

«አንድ ግራም የለውም።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» አለችው፣ ከሚዛኑ ሳትወርድ።