የካሣነሽ ፊት

«ቆዳው የበግ ነው የፍየል?»

«የፍየል ነው። ጨው ግን አልነካውም።»

ምልክቱ ገጠመ። ደሴ ከቆዳው ክምር አጠገብ ቁጢጥ አለ። አርብ ገበያ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። ለገበያተኛው እሱ የፊልም አንሺው የማሩ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ለላኩት የጸጥታ ሰዎች ግን ስሙ «ቆቅ» ነው። ቆዳ ነጋዴ መስሎ የተቀመጠው አለቃው ቻላቸው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ፊልሙስ?»

«በቅሎዋ ላይ ነው።»

«አምጣው። ጠቋሚ አዘጋጅተናል። ሥራ ያስቆሙትን የመንገድ ሠራተኞች ፊታቸውን ለይቶ ያስለቅማቸዋል።»

ደሴ ሲላክ ፊልሙ ይመረመራል እንጂ ሰው አይነካም ተብሎ ነበር።

በወገዳ መንገድ ድንጋይ የሚፈልጡት ሠራተኞች፣ ናዳ ጓደኛቸውን የገደለ ሰሞን መዶሻቸውን ጥለው ነበር። ማን እንዳስተባበራቸው አልታወቀም። ማሩ ሥራቸውን ሲያነሳ እጅ ነበር የሚያነሳው፤ ጀርባ፣ የተሰነጠቀ ተረከዝ። ከመዶሻው ሥር የሚነሳው ብናኝ እንዲያበራ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቃል። ፊት ያነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የሟቹ እህት ካሣነሽ ላቧን ጠርጋ ካሜራውን ትክ ብላ ስታይ። ብርሃን እንዲያርፍባት ነጩን አቡጀዲ የዘረጋላት ደሴ ነበር። እንደዚያ ያለ ሥዕል አይቶ አያውቅም። ሥራውን ያስቆመችው እሷ እንደሆነችም ያውቃል።

ማሩ ሊሳለም ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። ደሴ ከበቅሎዋ ጥግ ቆሞ የፊልሙን ቆርቆሮ ከፈተ። ጥቁሩን ወረቀት ቀደደ። ፊልሙን በክንድ በክንድ እየሳበ ለቀትር ፀሐይ ሰጠው።

መልሶ ጠቀለለውና ቆርቆሮውን በአዲስ ማሸጊያ አሸገው።

ቻላቸው ቆርቆሮውን ተቀብሎ አገላበጠው። ከኋላው ጠመንጃ ያነገተ ነጭ ለባሽ ቆሟል።

«ማሸጊያው አዲስ ነው።»

«አቧራ ገባበት ብሎ ማሩ ነው የቀየረው።»

የቻላቸው አውራ ጣት የማሸጊያው ጫፍ ላይ ቆመ።



«ከፍቼ ልየው?»

«ብርሃን ከነካው ይጠፋል። የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።»

ጣቱ ተነሳ። ቆርቆሮው ቆዳ ውስጥ ገባ።

«ጥሩ ሠርተሃል» አለ ቻላቸው። «ፊልም አንሺውን አሁን ይዘውታል።»

ማሩ እንደሚያዝ ለደሴ ማንም አልነገረውም ነበር። ብዙ ሳይቆይ ማሩ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ፣ በወታደር እየተነዳ በገበያው መሃል መጣ። ደሴን ሲያይ ለወታደሩ፣ ይህ ተሸካሚ ነው፣ ምንም አያውቅም፣ ተዉት አለው። ደሴ አንገቱን ደፋ። ከወታደሩ ይልቅ ይህ ቃል አስፈራው።

የወገዳን መንገድ ይዞ ብቻውን ሄደ። ካሣነሽ ከድንጋዩ ክምር ቀና አለች።

«ጋሼ ማሩስ?»

«ወደ አገሩ ተመለሰ።»

«ሥዕሌስ እንዴት ወጣ?»

«አምሮበታል» አላት።

ፈገግ አለችና መዶሻዋን አነሳች። እሱ፣ ፊልሙ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ እንደሚፈለግ እያሰበ፣ ቁልቁለቱን ወረደ። ወገዳ ሲደርስ ስሙን ለጠየቀው ሰው ሌላ ስም ነገረ።