የዘጠኙ ሰዎች ጀርባ

ኢንስፔክተር ስንዱ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። አሜሪካዊው አዛውንት ዋልተር የሞቱት ጭንቅላታቸው ከምድጃው እብነ በረድ ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ነው። በጭብጣቸው ውስጥ ከፎቶ ላይ በመቀስ የተቆረጠ የአንድ ሰው ምስል አለ፤ ሰውየው ጀርባውን ሰጥቷል።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው ሦስት ናቸው፤ ከሟች ጋር ሠላሳ ዓመት የኖሩት ጣሊያናዊው ልብስ ሰፊ ብሩኖ፣ እንግዳው ዴኒስና የቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ የሻረግ። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ምንም ሳያጣሩ የሐበሻዋን የወይዘሮ የሻረግን ፓስፖርት ቀምተው በጥበቃ ሥር አቆዩዋቸው። ስንዱ በዚህ በግና ነው የገባችው።

«ልጄ፣ ጉድ ሆንኩ» አሉ የሻረግ። «ከታሰርኩ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሄደ። ልጄን ፍቅርን ከአገር ቤት ላመጣት አንድ ወር ነበር የቀረኝ፤ እዚያው ቀረች ማለት ነው።»

«አሎራ፣ እሺ፣ እትዬ የሻረግ፣ አይዞዎት። ዴኒስን መቼ አዩዋቸው?»

«ትናንት ምሳ ላይ ብቻ። ያን ግራጫ ኮት እንደለበሱ። ቀጥ ያሉ፣ ሸበላ ሽማግሌ ናቸው።»

ስንዱ ፎቶው የተቆረጠበትን የሟች አልበም ይዛ ወደ ዴኒስ ዞረች። «ለምንድን ነው እዚህ ፎቶ ላይ ያሉት ሁሉም ጀርባቸውን የሰጡት?»

«ሚኒሶታ ነው፣ በስድሳዎቹ» አሉ ዴኒስ። «የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በየሰው ሳሎን መሰባሰብ የጀመርንበት ጊዜ። ማንነቱ የታወቀ ሰው ከሥራው ይባረር ስለነበር ፊታችንን አናሳይም፤ ስምም አንጽፍም። ዋልተር ያንን ታሪክ እየጻፈ ነበር። እኔ አልበሙን ወደ አሜሪካ ልወስደው መጣሁ።»

«የተቆረጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ያኔ ፍቅረኛው ነበርኩ። በልጅነቴ ከፈረስ ወድቄ ግራ ትከሻዬ ዝቅ እንዳለ ቀረ።»

ስንዱ ትከሻቸውን አየች። ሁለቱም እኩል ናቸው።

«ኮቱ ነው» አሉ ዴኒስ። «የመጣሁ ዕለት ብሩኖ ለክቶ የግራ ትከሻውን ውስጥ ሞላልኝ።»

«እኔ ያን አልበም ገልጬው አላውቅም!» አሉ ብሩኖ ሳይጠየቁ። ዴኒስን ሲያዩ ቅናቱ ፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር።

ስንዱ ሦስቱንም ሳሎን አስቀመጠቻቸው።

«ሟች ታሪኩን የሚጽፉበትን ፎቶ ራሳቸው አይቆርጡም፤ ይህን ቁራጭ ከቆራጩ እጅ ሲነጥቁ ተገፈተሩ። ፎቶው ላይ ዘጠኝ ሰዎች አሉ፤ ፊት የለ፣ ስም የለ። ቆራጩ ግን ዴኒስን ዝቅ ባለው ግራ ትከሻቸው ሳይስት ለየ። ዴኒስ ሊወስዱት የመጡትን አልበም አያበላሹም። እትዬ የሻረግ ያዩዋቸው ኮቱ ትከሻቸውን ከደበቀው በኋላ ነው። ያን ትከሻ በሜትር የለካው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሠላሳ ዓመት!» ብለው እየጮኹ ተነሡ ብሩኖ። «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሲከፋው የሚገልጠው ይህን ጀርባ ነው! ቀናሁ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

ስንዱ ፓስፖርቱን ለወይዘሮ የሻረግ መለሰችላቸው።

ዴኒስ ወደ ብሩኖ ዞሩ። «ብሩኖ፣ ዋልተር የጠራኝ ለአልበሙ ብቻ አልነበረም» አሉ። «ለመጽሐፉ መጨረሻ ፎቶ እንዳነሳችሁ ነው። አንተንና እሱን፣ ፊታችሁ እየታየ።»

ብሩኖ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። በእሳቸው ጥፋት ሊታሰሩ የነበሩት የሻረግ ሮጠው ወንበር አቀረቡላቸው።