ሰባት ቤት የተቆጠረለት እንሽላሊት

«እስስት ቤቴ አይገባም፤ አለቀ» አለች አበባ፣ የምግብ ቤቱን የጓሮ በር በትከሻዋ ደግፋ።

ልጇ ሄራን የጫማ ካርቶኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ውስጡ ያለውን ፍጥረት ጠዋት ከፓርኪንጉ ግንብ ላይ ነበር የያዘችው። ያኔ ከሰል ይመስል ነበር፤ ፀሐይ ሲሞቀው ግራጫ ሆነ። ለእናቷ ይህ በቂ ማስረጃ ነው፤ መልኩን የሚለዋውጥ እስስት ነው፣ እስስት ደግሞ ደግ ነገር አያመጣም።

«ማሚ፣ እንሽላሊት እኮ ነው። ሆዱን እዪው እስኪ።»

ቀስ ብላ ገልበጥ አደረገችው። ሆዱ ግራና ቀኙ ሰማያዊ ነው፤ ጥልቅ፣ የሚያበራ ሰማያዊ። ሄራን በአሥራ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ ቀለም አይታ አታውቅም። በቀጫጭን ጣቶቹ ጣቷን ሲጨብጣት ልቧ ቅልጥ አለ። ስሙንም ኢዛና ብላዋለች።

አበባም ለአፍታ ማየቷ አልቀረም። «ጋሼ ይጠየቁ። እሳቸው ካሉ እሺ» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ጋሼ ግዛው የአበባ አጎት ናቸው፤ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ፓርኪንጉን ይጠብቃሉ። የታወቁት ግን በሌላ ነው። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሐበሾች በሚበዙበት የፌርፋክስ መንገድ ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ፣ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ቆጥረው የሚያረጋግጡት እሳቸው ናቸው። የስንቱን ሰው ቅድመ አያት በቃላቸው ይዘዋል። አንዲት ስም ከጠፋቻቸው ደግሞ «አላውቅም» ይላሉ እንጂ ከሆዳቸው አይጨምሩም። የአያቷን አባት ስም እንኳ የምትረሳው ሄራን በዚህ ትደነቅባቸዋለች።

ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ ካርቶኑን አዩ።

«ዘሩን ታውቂያለሽ?»

«የምን ዘር?»

«ቤት የሚገባ ሁሉ ዘሩ ይጠየቃል። ዘር ከልጓም ይስባል። ሰባት ቤት ቆጥረሽ አገሩን ከነገርሽኝ አበባን እኔ አሳምናታለሁ።»

ሄራን ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። ቅርፊቱን፣ ሆዱን፣ የጅራቱን ርዝመት ከፎቶዎች ጋር ስታስተያይ ግማሽ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ሳይንስ ከዝርያው እስከ እንስሳ ድረስ የሚመድብበትን ዝርዝር አገኘችና በጣቷ ቆጠረችው። ማመን አቅቷት ደግማ ቆጠረች። ልክ ሰባት ነው።

«ጋሼ፣ ስማኝ» አለች፣ አንቱታ ያልለመደችው ልጅ። «አንድ፣ ኦክሲደንታሊስ። ሁለት፣ ስኬሎፖረስ። ሦስት፣ ፍሪኖሶማቲዴ። አራት፣ ቅርፊት ያላቸው። አምስት፣ ሬፕታይል። ስድስት፣ የጀርባ አጥንት ያላቸው። ሰባት፣ እንስሳ። ሶ እስስት አይደለም። ከእስስት ጋር አራተኛ ቤት ላይ ነው የሚገናኙት።»

«አራተኛ ላይ ከሆነማ አይጋቡም» አሉ ጋሼ ኮስተር ብለው። «ከእኛስ ጋር?»

ሄራን ስልኩን አየች። «ስድስተኛ ላይ።»

«ታዲያ ዘመዳችን ነዋ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መነጽራቸውን ጠርገው ሲያበቁ ጠየቋት። «ጎበዝ። አገሩስ?»

ይህንንም አንብባዋለች። አገሩ እዚሁ ነው፤ ካርታው ላይ ካሊፎርኒያ እንዳለ ቀለም ተቀብቷል። ከሥሩ ደግሞ፣ ከዱር ተይዞ ቤት የገባ እንሽላሊት ብዙ ጊዜ ምግብ እምቢ እንደሚል ተጽፏል። ከውጭ የመጣ ነው፣ ከሰው ቤት ያመለጠ ነው ብትላቸው ጋሼ ስልኳን ተቀብለው አያዩም። እንዲያ ካለች ማታ ኢዛና መኝታ ቤቷ ይገባል። ካርቶኑን አጥብቃ ያዘች። ጋሼ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቋታል፤ የምትለውን ሁሉ ሊያምኑ።

«እዚሁ ነው» አለች።

«ፌርፋክስ?»

«አዎ። መንገዱ ሳይሠራ፣ እኛም ሳንመጣ። ቤት ከገባ ላይበላ ይችላል ይላል።»

ጋሼ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ «እኔ ቃሌን አላጥፍም፤ ፈቅጃለሁ» አሉ። «የቀረው የአንቺ ነው።»

ሄራን ሰማያዊውን ሆድ በአንድ ጣቷ ዳሰሰች። ወደ ግንቡ ሄዳ ካርቶኑን አዘነበለች። ኢዛና ወጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመ፣ በፊት እግሮቹ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ አለና ስንጥቁ ውስጥ ገባ። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ጋሼ፣ ይሄ ግንብ ፀሐይ የሚመታው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» አሉ ጋሼ። «ሁለተኛ ወንበር አለኝ።»