ባለቤቱ ሳይገባ እወጣለሁ

በሩን የከፈተላት በአንድ እግር ጫማ ነበር። ሌላኛው ጫማ በትንሿ ውሻ አፍ ውስጥ ሆኖ ሳሎኑን ይዞራል።

«የ... የውሾቹ ሞግዚት ነዎት?»

ሴትየዋ ሻንጣዋን ከበሩ ጀርባ አስቀመጠችና እዚያው ቁጢጥ ብላ መጀመሪያ ከውሾቹ ጋር ተዋወቀች። ሽማግሌው ውሻ ቀስ ብሎ መጣ፣ እጇን አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረገው። ትንሿም ጫማውን አምጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። ሴትየዋ አንስታ ለሰውየው ዘረጋችለት።

«ጫማዎን ያጥልቁ» አለችው፤ «ከዚያ እናወራለን።»

እንግዲህ ይሄ ሰው የሊፍት ጥገና ባለሙያ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ፎቅ መሃል ቀጥ ብለው የቀሩ ሊፍቶችን ያስኬዳል። ውስጥ የተቆለፈባቸው ሰዎች ሲጮሁ እንኳ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ «አይዟችሁ፣ ደርሻለሁ» የሚል ሰው ያን ቀን የጫማ ክር ማሰር አቃተው።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሷ ጥቁር ደብተር አወጣች።

«ሒሳቡን ከመናገሬ በፊት ሦስት ጥያቄ አለኝ። የት ይተኛሉ?»

«ሽማግሌው፣ ሻምበል ነው የምንለው፣ ኮሪደሩ ላይ። ትንሿ፣ ወሬኛ፣ ደግሞ... ባገኘችበት።»

«ምን ይፈራሉ?»

«ሻምበል ነጎድጓድ ይፈራል። ወሬኛ ምንም አትፈራም። መጥረጊያ ብቻ።»

«ማን ተለይቷቸዋል?»

ሰውየው የጫማውን ክር መነካካት ጀመረ። እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ። «ሻምበል የሱ ነበር። ከሞተ ወዲህ ሰው የማያድርበት ቤት ውስጥ እህል አይቀምስም። ለዚህ ነው አዳሪ ሞግዚት የፈለግኩት።»

እርሳሷን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችው። ቸኩላ አልነበረም ያየችው። ሰውየው ያኔ ነው የተያዘው፤ እሱ ግን ገና አላወቀም።

ከዚያ ሒሳቡን ነገረችው። ከቀን አበሉ ከግማሽ በላይ ነው። «ለሽማግሌው መደበኛውን ነው። ለወሬኛ ጭማሪ አለው።»

«ለምን?»

«ጫማ የምትበላዋ እሷ ናት።»

ሳይከራከር ተስማማ።

«አንድ ሕግም አለኝ» አለች፤ «ባለቤቱ ሊገባ አንድ ሰዓት ሲቀረው እወጣለሁ። ቁልፉን ከአበባው ማሰሮ ሥር ያገኙታል። ውሻ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ሲወድ ይጨነቃል።»

«እና... አንገናኝም ማለት ነው?»

«ምን ያገናኘናል?»

ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ዋጋውን ስትሰማ መርፌው ጣቷን ወጋት።

«ለውሻ? በየቀኑ?! አንተ ሙት፣ በዚህ ገንዘብ እኮ ሚስት ታገባበታለህ!»

«እቴቴ፣ ሻምበል በረሃብ ይሙትብኝ?»

«እኔ ቤት አምጣው።»

«አንቺ ውሻ ትፈሪያለሽ።»

«እፈራለሁ! ግን በነፃ ነው የምፈራው!»

ብቻ ሄደ። በሄደበት ሁሉ ደግሞ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ልክ አስራ ሁለት ሰዓት ሲል ስልኩ ይጮኻል። የሞግዚቷ የድምፅ መልእክት ነው። «ሻምበል ዛሬ ሁለት ጊዜ በላ። ሁለተኛው የኔ ምሳ ነበር።» በማግስቱ፦ «ወሬኛ መጥረጊያውን አሸነፈችው። አዲስ መጥረጊያ ያስፈልገናል።» ሌላ ቀን፦ «የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠብ ነበር። አጥብቄዋለሁ። ከሒሳቡ ውጪ ነው፣ አይጨነቁ።»

መጀመሪያ ለውሾቹ ሲል ነበር የሚያዳምጠው። በሦስተኛው ጉዞ ግን ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን በእጁ ይዞ ይንቆራጠጥ ጀመር። ያው መልእክት ሦስት አራት ጊዜ ይደመጣል። «ያስፈልገናል» ያለችውን ደግሞ... እሱንስ ቆጥሮት አያውቅም!

ከመንገድ ሲመለስ ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል። አንድ ስኒ ታጥቦ ተደፍቷል፤ ውሃው ገና አልደረቀም። ሶፋው ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ሰርጉዷል። እሷ ግን የለችም። አንዴ ቸኩሎ ከሰዓቱ ቀድሞ ደረሰ፤ ያገኘው አውቶብስ ውስጥ ስትገባ ጀርባዋን ብቻ ነው። የዚያን ቀን ስኒዋን እስከ ማግስቱ አላነሳውም።

ከዚያ ሥራ ቀዘቀዘ። ድርጅቱ «ለጊዜው ጉዞ የለም» አለው። ሌላ ሰው ቢሆን እሰየው ብሎ ይተኛል። የሱ እግር ግን አላርፍ አለ። ይነሳል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይቀመጣል፣ መልሶ ይነሳል። ሻምበል በሩ ላይ ጋደም ብሎ ውጪ ውጪውን ያያል። ወሬኛ ጫማ እንኳ መብላት አስጠላት። አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ስልኩን ያያሉ። ስልኩ ዝም።

አንድ ጠዋት ነገሩ ተገለጠለት። ሞግዚቷ እዚህ ቤት የምትኖረው እሱ ሲወጣ ብቻ ነው። እንግዲያው መውጣት አለበት!

«የዘጠኝ ቀን ሥራ መጣብኝ» ብሎ ደወለላት። «ሩቅ ነው። በጣም ሩቅ።»

ሩቁ አገር ከቤቱ አራት መንገድ አልፎ ያለ ፔንሲዮን ነበር፤ ክፍሉ ሰባት ቁጥር። አልጋው ይጮኻል፣ በሩ ሲዘጋ ጣት ይነክሳል፣ መስኮቱ ግን ውሾቹ በየቀኑ ወደሚንሸራሸሩበት መንገድ ያያል። የሞግዚቷንም የፔንሲዮኑንም ከፈለ። እህቱ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ እጅ ከፍንጅ ያዘችው።

«መንገድ ሄጃለሁ አላልከኝም?»

«ሄጃለሁ። ይኸው።»

«ቤትህን አከራየኸው እንዴ?»

«አይ... ከፍዬ ሞግዚቷን አስቀምጬበት ነው። እኔ እዚያ ፔንሲዮን ነኝ።»

እቴቴ ዳቦዋን ብብቷ ሥር አደረገች። «ቆይ፣ እሷ ያንተ ቤት ተደላድላ፣ አንተ እዚያ እንጀራ የመሰለ ፍራሽ ላይ... ታዲያ እንደ ሰው አትነግራትም?»

«ምን ብዬ?»

«እኔ ልንገርህ እንዴ?! አፍ ለምግብ ብቻ ነው የተሰጠህ?»

በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ሞግዚቷ ደወለች፤ በቀጥታ ስትደውልለት የመጀመሪያዋ ነው።

«ሻምበል ነጎድጓዱን ፈርቶ ይንቀጠቀጣል። ድምፅዎን ቢሰማ ይረጋጋል ብዬ ነው። እዚያ ዝናብ አለ?»

«የለም። ፀሐይ ነው፣ ሙቀቱ አይጣል—»

ነጎድጓዱ ጓ! አለ። በሷም ስልክ፣ በሱም ስልክ፣ እኩል።

ሰውየው ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ።

«ፀሐዩ ይጮኻል እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ለሻምበል ሰጠችው።

በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሞ ይጠብቃታል። መጣች። ሻምበል ከጎኗ ያዘግማል። ወሬኛ ፔንሲዮኑ በር ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። አፍንጫዋን አነሳች። ከዚያ ገመዷን ይዛ፣ ሴትየዋንም ጎትታ፣ ደረጃውን ሽቅብ! ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። ሰባት ቁጥር በርን እየቧጠጠች ስታለቅስ፣ ሰውየው ምን ያድርግ? ከፈተ።

ሞግዚቷ ነጠላ ጫማውን አየች። የሥራ ቦርሳውን አየች። መስኮቱን፣ በትንሹ የተገለጠውን መጋረጃ፣ ከሱ ባሻገር የምትመላለስበትን መንገድ አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ሩቁ አገር ይሄ ነው?»

«እኔ... እንዲያው...»

«ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ ገንዘብ አስቀምጠው፣ ትሰርቅ እንደሆን ብለው በካሜራ ጠብቀውኛል። አንተ ግን ባስክ። አንተ መስኮት ተከራየህልኝ!» «እርስዎ» የምትለዋ ቃል የት እንደገባች እንጃ።

«አይደለም! ስሚኝ—»

«እየሰማሁ ነው። ተናገራ!»

አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል ልትወጣ ምላሱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ እዚያው ቀለጠች። ሴትየዋ ጠበቀችው። እውነቱን ለመናገር ከሚገባው በላይ ጠበቀችው። ከዚያ ሁለቱን ገመዶች እጁ ላይ አድርጋ ወረደች። ቤት ሲደርስ ቁልፉ ማሰሮው ሥር ነበር፤ ሻንጣዋ ከበሩ ጀርባ የለችም።

ሦስት ቀን ደወለላት፤ አታነሳም። ሻምበል ሳህኑን አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ሰውየውም ከሱ የተሻለ አልበላም። እሁድ ከሰዓት በኋላ እህቱ አስጠራችው። ስፌት መኪናዋ ላይ ፖስታ ተቀምጧል።

«ሞግዚትህ አንተን ማየት ስላልፈለገች እኔ ጋ መጥታ የቀሪውን ቀን ሒሳብ መለሰች። ያልሠራሁበትን አልበላም አለች። ሰላይ ነው ብላም አማችህ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ወንድሜ ሰላይ ለመሆን የሚበቃ ድፍረት የለውም አልኳት።»

«እቴቴ!»

«ሳቀች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ "የቀረውን ራሱ ይንገረኝ" ብላ ወጣች። ነገ ሌላ ከተማ ትሄዳለች፤ አራት ውሻ ያላቸው ሰዎች ለሦስት ወር ቀጥረዋታል። ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት መናፈሻው ውስጥ የአንዲት መምህርት ውሻ ታንሸራሽራለች። አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

አስራ አንድ ከሩብ ነበር።

ሁለት ውሾች ይዞ የሮጠ ያውቀዋል። ወሬኛ ትቀድማለች፣ ሻምበል ይጎተታል፣ ሰውየው መሃል ላይ ይሰነጠቃል። መናፈሻው ጋ ሲደርስ ቁና ቁና ይተነፍስ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛት።

«ሒሳብ ከመናገርሽ በፊት ሦስት ጥያቄ ትጠይቂያለሽ» አላት ሳይቀመጥ። «ጠይቂኝ።»

«ስለ የትኛው ውሻ?»

«ስለ ሦስተኛው።»

ዞር ብላ ሦስተኛ ውሻ ፈለገች። ከዚያ እሱን አየችው። ከንፈሯ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ነከሰችው።

«የት ይተኛል?»

«ፔንሲዮን፣ ሰባት ቁጥር ነበር። አሁን ቤቱ ነው፤ እንቅልፍ ግን የለውም።»

«ምን ይፈራል?»

«ባለቤቱ ሳይገባ የምትወጣዋን ሴት።» ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ አላፈረበትም። «አንድ ቀን እንኳ ቤቴ ገብቼ አላገኘሁሽም። አንቺ እንድትኖሪበት እኔ መውጣት ነበረብኝ። ወጣሁ። እቃዬን ልጠብቅ አይደለም... ቤቴ ውስጥ መሆንሽን እያወቅኩ ማደር ፈልጌ ነው። ሞኝነት ነው። አውቃለሁ።»

ሦስተኛውን ስትጠይቅ የያዘችውን ገመድ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ነበር።

«ማን... ተለይቶታል?»

«አባቱ። ነገ ደግሞ አንቺ።»

የመምህርቷ ውሻ እግራቸው ሥር ተኛ። ሴትየዋ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ሕጉ ለውሾቹ አይደለም» አለች። «ለኔ ነው። ሰው ቤቱ ሲገባ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ አንዴ ካየሁ፣ ሻንጣዬን አንስቼ መውጣት ያቅተኛል። የኔ የምለው በር የለኝም እኮ። ያንተን ቧንቧ ሳጠብቅ... አልቅሼ ነው ያጠበቅኩት።»

«አትሂጂ።»

«ለነዚያ አራት ውሾች ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም።»

«እጠብቃለሁ።»

«አንተ? አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ የማትችለው?»

«አልችልም። ግን እጠብቃለሁ።»

ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠ። «ይሄ የሥራ ቁልፍ አይደለም» አላት። ጣቶቿን በቁልፉ ላይ አጠፈች፤ በጣቶቹም ላይ።

ሦስት ወር ሙሉ መልእክቱ ዞረ። አሁን አስራ ሁለት ሰዓት ሲል የሚልከው እሱ ነው። «ሻምበል ዛሬ ሁለት ጊዜ በላ። ሁለተኛው የኔ ነበር።» «ወሬኛ አዲሱንም መጥረጊያ አሸነፈችው። ሌላ ያስፈልገናል።» እሷም ትመልሳለች፦ «ምን ያህል ቀረን?» እሱ ቀኑን በሰዓት አባዝቶ ይነግራታል።

የመመለሻዋ ቀን ሲደርስ ግን፣ አይ ዕድል! ከሩቅ ከተማ ተደወለ፤ የሆስፒታል ሊፍት ቆሟል፣ ሕመምተኞች በደረጃ በሸክም ይወጣሉ። እምቢ አይባልም። «ሂድ፤ ቁልፍ አለኝ» አለችው።

በሦስተኛው ቀን ሊፍቱን አስኬዶ መንገድ ጀመረ። «አስር ሰዓት እገባለሁ» ብሎ ላከላት። መልስ የለም። አውቶብሱ ውስጥ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩን ደግሞ አየ። የመውጫዋ ሰዓት ነው። ሰው የለመደውን በአንድ ቀን ይተዋል እንዴ? ሻንጣዋን አንስታ ይሆናል። ስኒዋን ደፍታ ይሆናል።

በሩ ጋ ሲደርስ የአበባውን ማሰሮ አነሳ።

ቁልፉ የለም።

በሩን ገፋው። ሳሎኑ መሃል፣ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወሬኛ ሮጣ መጣችና ከአፏ አንድ ነገር እግሩ ሥር አስቀመጠችለት። የሻንጣ እጀታ ነው።

«አንድ ሰዓት ሲቀረው መውጣት ነበረብሽ» አላት።

«ነበረብኝ። ሻንጣዬን በላችብኝ። በምን ልውጣ?»

ከዚያ ዝም ብላ ፊቱን አየችው። ያን ያህል ዓመት ላለማየት የሸሸችውን ነገር፣ ቁጭ ብላ፣ እስኪበቃት አየችው። እሱ ቦርሳውን ጥሎ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም እግሩ አረፈ።

«ሒሳቡስ?» አላት እጇን ይዞ።

«እህትህን ጠይቃት። በዚያ ገንዘብ ምን ልታገባበት እንደምትችል ነግራኛለች።»

ሻምበል ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። ምንም አልተጨነቀም። ወደ ሳህኑ ሄዶ መብላት ጀመረ።