መጨረሻውን ነገ ንገረኝ

እኔና እሱ የተዋወቅነው በግንባር ነው። አልቀለድኩም፣ ግንባር ለግንባር ተጋጭተን!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋርማሲ ውስጥ የከሰዓት ተረኛ ነኝ። የጠዋቷ ተረኛ ልጇን ከትምህርት ቤት የምታመጣው እኔ ስደርስላት ስለሆነ፣ ትንሽ ካረፈድኩ ስልኬ በጥሪ ይቃጠላል። እኔ ደግሞ ፊልም ሲሉኝ ራሴን አላውቅም። የእረፍት ቀኔ በቤት ጣጣ ስለሚያልቅ፣ የሚመቸኝ ከሥራ በፊት ያለው የቀኑ ፊልም ብቻ ነው፣ እሱም የሚያልቀው እኔ ሥራ ከምገባበት ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሊያልቅ ሲል፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የሰው እግር እየረገጥኩ እወጣለሁ። የሚወርድብኝን ስድብ አትጠይቁኝ።

ያን ቀንም በጨለማው እየሮጥኩ በሩን ልገፋ ስል አንድ ሰው ከውጭ ከፈተው። ጓ!

«ምነው እህቴ፣ እሳት ተነሳ እንዴ?» አለኝ ግንባሩን ይዞ።

ትኬት የሚቀድደው ሰውዬ ነበር። ረጅም፣ ብብቱ ሥር መጽሐፍ የወሸቀ።

«ሥራ ረፍዶብኝ ነው፣ ይቅርታ! በናትህ፣ ልጅቷ ታመልጣለች?»

«ቁጭ ብለሽ አታይም?»

«አልችልም! መጨረሻውን ነገ ንገረኝ!»

በማግስቱ ወደ ሥራ ሳልፍ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ነገረኝ። እንዴት እንደሚነግር ብታዩት! እጁ ይናገራል፣ ቅንድቡ ይናገራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልማድ ሆነ። እሱ «ጥድፊያ» እያለ ይጠራኛል፣ እኔ «ቀዳጁ» እለዋለሁ።

እየቆየን በመጽሐፍም መጨቃጨቅ ጀመርን።

«ይሄን የሚያህል ወፍራም መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የሚያወራው ጓደኛ የለውም ማለት ነው» ይላል።

«አንተ ሰነፍ ስለሆንክ ነው!»

«አንቺስ? የመጨረሻውን ገጽ አስቀድመሽ ታነቢያለሽ አሉ።»

«ማን አለ?»

«ፔጅሽ ላይ ጽፈሽዋል እኮ።»

ፔጄን ያነባል ማለት ነው! ፊቴ እሳት ሆነ። አዎ፣ ፔጅ አለኝ። ስለ ውሎዬ እጽፋለሁ፦ ስለ ትራንስፖርት ወረፋ፣ ያለ ማዘዣ መድኃኒት ካልሰጠሽኝ ብለው ስለሚቆጡኝ ሰዎች፣ ስለ እማዬ ቀልድ። ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍም ያሻኝን እፈርዳለሁ። ተከታዮቼ ብዙ አይደሉም፣ ምላሳቸው ግን ለጉድ ነው።

ከዚያ እማዬ ታመመች። ልቧን። የኦፕራሲዮኗ ዋዜማ እግሬ ወደ ሥራ ይዞኝ ሲሄድ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ከትናንት በስቲያ ያየሁት ፊልም ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት ነበር። እሷም ታማ ኦፕራሲዮን ክፍል ልትገባ ስትል ነው ጥያት የወጣሁት።

«እናትየዋ ተረፈች?» አልኩት፣ ሰላም እንኳን ሳልለው።

«ምነው፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

«እማዬ ነገ ኦፕራሲዮን አላት። ንገረኝ እንጂ፣ ተረፈች?»

መጽሐፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ተርፋለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ልጇ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። የቀሰቀሰችው እሷ ናት። ‹ተነስ፣ አንገትህ ይታመማል› ብላ።»

ከሥራ ስወጣ ሆስፒታል ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። እሷም ያ ሁሉ ገመድ ተሰክቶባት ሳቀች። «እናት አይደለች? ምን ልትል ኖሯል!» አለች።

በማግስቱ ሐኪሙ «ደህና ናት» ካለኝ በኋላ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እንቅልፍ ጣለኝ። የቀሰቀሰኝ የደከመ ድምፅ ነበር።

«ተነሺ... አንገትሽ ይታመማል።»

ወይ እማዬ! እንባዬን ማቆም አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ቀዳጁን በሌላ ዓይን አየሁት ብል አይገርማችሁ። ሥራ ስገባ የእሱን ድምፅ በጆሮዬ ይዤ ነው። የሚነግረኝ መጨረሻ ሁሉ ደግሞ እያማረ ሄደ። የተጣሉ ይታረቃሉ፣ የጠፉ ይገኛሉ። ‹ዘንድሮ የፊልም ሠሪዎች ልብ ራራ› ብዬ ደስ አለኝ። የዋህነቴ!

በዚህ መሀል አንድ የመጽሐፍ መደብር ያላት ሴትዮ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ፊልምና ስለ መጽሐፍ ውይይት ታዘጋጃለች።

«ጽሑፍሽን እወደዋለሁ። የዚህ ሳምንት ፊልም ላይ መክፈቻውን አንቺ ትናገሪልናለሽ?»

እኔ! ሙሉ ቀን «በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» ከማለት ውጪ ማንም የማይሰማኝ ሴት! ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመድ ሰነበትኩ። እማዬ አድማጬ ነበረች።

ቅዳሜ ደረሰ። ፊልሙ ስለ ባቡር ነጂና ስለ አንዲት አስተማሪ ነበር። ወረቀቴን እያየሁ ጀመርኩ፣ ቀስ በቀስ ሞቀልኝ። ሰው እየሰማኝ ነው! ከዚያ ቀዳጁ ወደ ነገረኝ መጨረሻ መጣሁ።

«እኔን የነካኝ ግን ባቡር ነጂው ዝናብ ደብድቦት፣ ጃንጥላዋን ይዞ በሯ ላይ የቆመበት ሰዓት ነው...»

አዳራሹ ጭጭ አለ። መጀመሪያ ልባቸው ተነክቶ መስሎኝ ነበር። ከፊት የተቀመጠ ራሰ በራ ሰውዬ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ባቡር ነጂው እኮ አልተመለሰም። እየጠበቀችው ነው ያረጀችው። የትኛውን ፊልም ነው ያየሽው?»

ሳቁ ከኋላ ጀምሮ መጣ። በስልኩ የቀረጸኝ ሰው ነበር፣ ማታውኑ ፔጄ በፌዝ ተጥለቀለቀ። «በህልሟ ያየችው ፊልም ነው!» «እህታችን ፊልሙን ራሷ ታጠቃልለዋለች!» ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በማግስቱ እንባዬ ዓይኔ ላይ ደርቆ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ባቡር ነጂው ተመልሷል?»

ፊቴን ሲያይ ገባው። «አልተመለሰም» አለ።

«ልብስ ሰፊዋስ?»

አንገቱን ደፋ። «ሞታለች።»

«ሁሉንም ዋሽተኸኛል?»

«ከልብስ ሰፊዋ ወዲህ... አዎ። ያን ቀን ‹ሞታለች› ልልሽ አፌ እምቢ አለ። በኋላ ስቀሽ ስትሄጂ ማየት ለመደብኝ። ጥድፊያ፣ ሰው ፊት እንደምትናገሪው ባውቅ ኖሮ...»

«ጥድፊያ አትበለኝ! መሳቂያ አደረግከኝ!»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ሥራ መግባት ጀመርኩ። ፔጄንም ዘጋሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከውርደቱ በላይ ያንገበገበኝ ናፍቆቱ ነው። ማንም መጨረሻ የማይነግረኝ ሰው ሆኜ ቀረሁ።

እማዬ አንድ ጠዋት መድኃኒቷን ስሰጣት እጄን ያዘችኝ።

«ምን ሆነሻል? እንዳትዋሺኝ።»

ሁሉን ዘረገፍኩላት። «ልብስ ሰፊዋም ሞታለች እማዬ! እሱንም ዋሽቶኝ ነው!»

እማዬ ብዙ አሰበች።

«ያን ዕለት እውነቱን ነግሮሽ ቢሆን፣ አንቺ ምን ፊት ይዘሽ ትመጪልኝ ነበር?» አለችኝ። «እኔ ፈርቼ ነበር ልጄ። አልነገርኩሽም እንጂ በጣም ፈርቼ ነበር። ያቺን ቃል ይዤ ነው የገባሁት። ስነቃ ለልጄ የምላት ነገር ነበረኝ።»

«ግን እኮ አዋረደኝ!»

«አዋርዶሻል፣ ልክ ነሽ። እሱን ይካስሽ። እኔ ግን አመሰግነዋለሁ፣ አድርሺልኝ።»

በዚያው ሳምንት ባለ መደብሯ ደወለች።

«ቅዳሜ አንድ ረጅም ሰውዬ መጥቶ መሀል አዳራሽ ቆመ» አለችኝ። «‹መጨረሻውን ፈጥሬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷ ለሥራዋ ስትሮጥ ነው ያላየችው። የምትስቁ ከሆነ በእኔ ሳቁ› አለ። ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ራሰ በራው ይቅርታ በይልኝ ብሏል። የሚቀጥለውን ውይይት አንቺ ካልከፈትሽው አንመጣም እያሉ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ነው እንጂ ሁለት ሰው ፊት እንኳን መናገር ያፍራል እኮ!

የእረፍት ቀኔ እስኪደርስ እንዴት እንደታገሥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በእረፍቴ ቀን ትኬቴን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሲያየኝ ትኬቱን መቅደድ ረሳ።

«ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ብቻ ነው የምነግርሽ» አለኝ። «ቢመርም።»

«ዛሬ አትነግረኝም። ሥራ የለኝም፣ እስከ መጨረሻው ልቀመጥ ነው። ለጓደኛህ በሩን ስጠውና አብረኸኝ እይ።»

ጠፍታ የቀረች ልጁን ስለሚፈልግ ሽማግሌ ነበር ፊልሙ። ሊያልቅ ሲል እግሬ በልማዱ ተነሳ። እጄን ያዘኝ።

«ተቀመጪ፣ ጥድፊያ።»

ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ልጁን አላገኛትም። መብራቱ ሲበራ ሁለታችንም እንባችንን እየጠረግን ነበር፣ እጄ ግን አሁንም እጁ ውስጥ ነበር።

ከወራት በኋላ እማዬ ምሳ ጠራችው። ገና ሁለት ጉርሻ ሳይውጥ ጀመረችው።

«ያ ሽማግሌ ልጁን አገኛት? ይቺ መጨረሻውን ከእሱ ስሚ ብላኛለች።»

ቀዳጁ ሰረቅ አድርጎ አየኝ። «አላገኛትም እማማ።»

«ውይ! እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ሰው ምን በድለነው ነው? በል ያንተን ንገረኝ።»

«እንዳልዋሽ ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«እኔ ፈቅጄልሃለሁ!»

ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዲት ሁልጊዜ የምትቸኩል ሴት ነበረች...»

«ይሄ የሽማግሌው ፊልም አይደለም» አልኩ።

«ዝም በይ፣ አታቋርጪው!» አለች እማዬ።

«በር ላይ የሚቆም ሰውዬ ደግሞ ነበር» አለ። «ሰው ሁሉ የሚወጣው ፊልሙ ሲያልቅ ነው። ለእሱ ግን ፊልሙ የሚጀምረው እሷ ስትወጣ ነበር። አንድ ጊዜ ዋሽቷት ሊያጣት ሲል ይቅር አለችው። አንድ ቀን እናቷ ቤት ምሳ እየበሉ... አግቢኝ አላት።»

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ከዛስ?»

«ከዛ ያለውን አላውቅም እማማ። ይሄኛውን እኔ አልፈጥረውም። የምትጨርሰው እሷ ናት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። የሥራ ሰዓቴ ደርሷል። ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ መጮህ ጀመረ፣ እግሬም በልማዱ ተነሳ። ቀዳጁ ፊቱ አመድ መሰለ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

«እሺ አለችው» አልኩ።

«ጮክ በይ፣ አልሰማሁም!» አለች እማዬ፣ እንባዋ እየወረደ። ሰምታኛለች እኮ።

«እሺ አለችው አልኩ!»

ስልኩ ጮሆ ጮሆ ዘጋ። እንደገና ጮኸ። የጠዋቷ ተረኛ ያን ቀን የሰደበችኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። በሠርጋችን ቀን ግን እሷን የሚያህል የጨፈረ ሰው አልነበረም፣ እኔም እስከ መጨረሻው ተቀምጬ አየኋት።