አንድ የወንበር እግር

አናጺው ከጣሪያ ላይ የወደቀው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ጭንቅላቱን ተመታ። ሦስት ሳምንት ራሱን ሳያውቅ ተኛ፤ ከዚያ ተነሣ። ጠባሳው ላይ ፀጉር በቀለ። እጁም መጋዙን አልረሳም። ሰው ሁሉ «ዳነ» አለ።

የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ባለቤት ልጅ ግን አላመነችም። ቫርኒሽ ቀቢዋ እሷ ናት። ብሩሿን ይዛ ታየው ነበር። ጠዋት ሳቂታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ይለዋወጥና የያዘውን ጥሎ ይወጣል። ሠራተኞቹ «ክብሪቱ» ይሉታል።

«ጠባዩ ተበላሽቷል» ይላሉ አባቷ።

«ጠባይ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ለምን አይበላሽም?»

«አንቺ ደግሞ ጥያቄሽ አያልቅም!»

እውነት ነው፣ አላለቀም። ካልተቀባ በር ጀርባ ላይ በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። በተቆጣ ቁጥር አንድ ጭረት፤ አጠገቡ ያኔ ይሰማ የነበረው ነገር። በወሩ መጨረሻ ቁጭ ብላ አነበበችው። በአንድ ድምፅ ብቻ ተቆጥቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ሁለት ነበሩ፤ መጋዝና ሰው፣ ሬዲዮና ሰው፣ አለዚያም ሁለት ሰው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋዙንም ሬዲዮኑንም አጠፋች።

«ስትቆጣ ውስጥህ ምን ይሆናል?» አለችው።

ጥያቄዋን አልደገመችም። የወንበር እግር አንሥታ በሸካራ ወረቀት ማሸት ጀመረች። እግሩ ለስልሶ ሊያልቅ ሲል ድምፁ መጣ።

«ሁለት ሰው ባንድ ጠባብ በር ሲጋፋ አይተሻል? እንደዚያ ነው። አንዱም አይገባም፤ በሩ ይሰበራል።»

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«አጥንቱ ገጥሟል አለኝ። አንዱን የአንጎል ክፍል ከሌላው የሚያገናኙት ቀጫጭን ክሮች ግን ተበጥሰዋል። የተረፉት ዙሪያውን ይሄዳሉ። መልሱ ይመጣል፣ ይዘገያል እንጂ።»

«ለአባባ ለምን አትነግረውም?»

«እሳቸው አንዱን ሳልመልስ ሌላ ይጠይቁኛል።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀና ዓይናቸው አንዱ ከሌላው ላይ ሳይነሣ ቀረ።

ከዚያ በኋላ መጋዙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማረፍ ጀመረ። አባቷ ነቁባቸው። አንድ ቀን ከውጭ እንጨት ከመኪና እየተራገፈ፣ ከውስጥ መጋዙ እየጮኸ መጡ።

«ስማ አንተ፣ ልጄን ትወዳታለህ? ትዳር ነው ሐሳብህ ወይስ ጨዋታ? ደሞስ ተቆጥተህ ብትመታትስ?»

አናጺው ፊቱ ተለዋወጠ። መዶሻውን ጥሎ ወጣ።

«ይኸው መልሱ! ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላየው!»

ልጅቷ አልተከራከረችም። ወጥታ አራጋፊዎቹን አስቆመች። አናጺውን ከግቢ መልሳ አስገባችው። መጋዙን አጠፋች፣ በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ ቁጭ በል። አንዷን ብቻ ጠይቀው። ከዚያ አንድ የወንበር እግር ጠብቀው።»

«የምን የወንበር እግር ነው?»

እግሩንና ወረቀቱን እጃቸው ላይ አስቀመጠች። «እሸው።»

አባቷ ሦስቱን ጥያቄዎች አሰቡ። የመጨረሻዋን መረጡ።

«ስትቆጣ ትመታታለህ?»

የወረቀቱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አፋቸውን ከፈቱ፤ ልጃቸው ስታያቸው ዘጉት።

«የምወጣው ለዚህ ነው» አለ አናጺው በመጨረሻ። «እጄ ማንም ላይ እንዳያርፍ። ሰባት ዓመት ሙሉ ወጥቻለሁ። አንድም ሰው ነክቼ አላውቅም።»

አባቷ መልሱን ከሰሙም በኋላ እግሩን ማሸት ቀጠሉ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ወረቀቱን አስተካክለው ያዙ።

«ትወዳታለህ?»

«አዎ።»

እጃቸው እንጨቱን ገና አልነካም ነበር።

«ይሄኛውስ እንዴት ሳይዘገይ መጣ?» አለች ልጅቷ። ያኔም መጠየቅ አላቆመችም።

አናጺው አሰበ። ጠበቁት።

«ይሄኛው ከተነሣ ቆይቷል» አላት። «መጋዙን ያጠፋሽ ቀን ነው የተነሣው።»

ተጋቡ። እሱ ግን ዛሬም ሁለት ድምፅ ባንድ ላይ አይችልም። ቤታቸው ውስጥ ሬዲዮ ከተከፈተ ሰው ዝም ይላል፤ ሰው ካወራ ሬዲዮው ይዘጋል። ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ወንበር አለ። አንዱ እግሩ ከሦስቱ ይቀጥናል። ያን ቀን ሽማግሌው የመጀመሪያውን መልስ ከሰሙ በኋላም ሳያቆሙ ብዙ አሽተውታል። የሚገዛ መጥቶ ነበር፤ አልሸጡትም።