የግራው ጎማ

የአሮጌ መኪኖች ክበቡ ሊቀመንበር ሞቶ የተገኘው ጋራዡ ውስጥ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከተንከባከባት አሜሪካን ሠራሽ አሮጌ መኪናው አጠገብ ተደፍቶ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታለች፤ የግራ የፊት ጎማዋ አንድ ብሎን ተሰብሯል፤ ደም የነካው የክሪክ ዘንግ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ጎማ ሊፈታ ሲል ዘንጉ ተፈናጥሮ መታው» አለ የክበቡ ምክትል፣ የጥርስ ሐኪሙ። «አደጋ ካልሆነ ደግሞ ማን እንደዛተበት እናውቃለን።»

መርማሪዋ ትዕግሥቷ እያለቀ ነበር። ከመሞቱ በፊት፣ ጠዋት፣ ጋራዡ ውስጥ በየተራ ሟቹን ያነጋገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ምክትሉ፣ መካኒክ የሆነው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እና አባል ለመሆን አራት ዓመት ደጅ የጠና ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር። ስለ ሰው ስትጠይቃቸው ስለ ሞተር ይመልሱላታል። ከዚህስ ከግድግዳው ጋር ማውራት ይሻል ነበር።

ሹፌሩ ትናንት ሰው ፊት ሟቹ ላይ መጮሁን አልካደም።

«በመጀመሪያው ዓመት በጎማ ጣሉኝ፣ ቀጥሎ በወንበር ልብስ፣ ከዚያ በመስታወት። ልጆቼ እንኳ ‹አባዬ፣ ተወው› ይሉኛል። አንጀቴ አሮ ነው የጮህኩት።»

«በጎማ ሲሉ?»

«አባል የሚሆን ሰው ጎማውን በገዛ እጁ መፍታት አለበት። የእኔና የእነሱ መኪና የግራ ጎማ ዳዶ፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው ማለቴ ነው፣ የሚፈታው እንደ ሌላው መኪና ወደ ግራ ሳይሆን ወደ ቀኝ ነው። እኔ ወደ ግራ ታግዬ ብሎኑን ሰበርኩት። እንዴት እንደሳቁብኝ! እስካሁን በሕልሜ ስፈታ ነው የማድረው።»

መርማሪዋ ወደ ጎማው ተመለሰች። ጎንበስ ብላ የዳዶዎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ ከሟቹ የኮት ኪስ ያገኘችውን ማስታወሻ ደብተር አነበበችና ሦስቱንም በምክትሉ ቀይ መኪና ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እያንዳንዳችሁ ከግራው ጎማ አንድ ዳዶ ትፈቱልኛላችሁ። በክበባችሁ ደንብ በማዕረግ ነው፤ ምክትሉ ይቅደሙ።»

ምክትሉ መቅደም ይወዳል። እጅጌውን ሰብስቦ መፍቻውን ገጠመና በሙሉ ክብደቱ ወደ ግራ ተጫነ። መካኒኩ አንገቱን ደፋ።

«ይበቃል» አለች መርማሪዋ። «ቁስሉ ማጅራት ላይ ነው፤ የሚፈናጠር ዘንግ የሚመታው ፊት ነው። ስለዚህ ጎማው የተነካካው አደጋ ለማስመሰል ነው። የነካካው ሰው ደግሞ ወደ ግራ ጠምዝዟል፤ የዳዶዎቹ ጠርዝ የተላላጠው በዚያ በኩል ነው። ሟቹ ይህን አይሳሳትም። ወንድሙም ሙያው ነው። ሹፌሩ አንዴ ተሳስተው ዓመት ሙሉ ከፍለውበታል። እርስዎን በተመለከተ ሟቹ ማስታወሻው ላይ ‹ዘንድሮ የግራውን በገዛ እጁ ይፍታ፤ ካልቻለ ይሰናበት› ብሎ ጽፏል።»

ምክትሉ መፍቻውን ለቀቀው።

«ስገባ በቀኙ ጎማ ነበር የፈተነኝ» አለ። «ሹፌሩ ሲወድቅም ከሰው ጋር ሳቅኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰባት ዓመት በተከበርኩበት ቤት ሊያዋርደኝ ነው? ተው ብዬ ለመንኩት።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ መርማሪዋ ከማስታወሻው መሃል የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ለሹፌሩ ሰጠችው። የራሱ ማመልከቻ ነበር። «ይግባ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ የፊርማው ቦታ ግን ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ የወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እሱ ይበቃል» አለው መካኒኩ።

«ያለ ፊርማማ አይሆንም። ደንብ ነው» አለ ሹፌሩ።

መፍቻውን ከወለሉ አነሳ። ወደ ቀኝ አንዴ ገፋው፤ ዳዶው ተፈታ። ቀና ብሎ ማን እንዳየለት ዙሪያውን ተመለከተ። እንዲያይለት የፈለገው ሰው አልነበረም።